25 ኤከር ካልሞላ ቤት የለም

መሬት ልንገዛ ነበር። አትሳቁ። እኔ ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ከነልጆቼ ታጭቄ ነው የምኖረው፣ አብሮ አደጌ ደግሞ እዚሁ ቅርብ ዊተን የሰው ቤዝመንት ተከራይቶ፣ እና አንድ ሌሊት ስልኩን ሲነካካ ማስታወቂያ አግኝቶ ላከልኝ፣ 11 ኤከር ባዶ መሬት፣ እዚሁ የምንኖርበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ (አውራጃ እንደማለት ነው) ውስጥ፣ ዋጋው እኛ ሰፈር አንዲት ታውንሃውስ ከምትሸጥበት ያነሰ። 11 ኤከር ማለት እኮ ወደ 44,500 ካሬ ሜትር ነው። አዲስ አበባ ላይ 200 ካሬ ለማግኘት ዕድሜ ሲያልቅ አይቶ ለመጣ ሰው ይሄን ቁጥር ማንበቡ ብቻ ራስ ያዞራል።

በማግስቱ ዕቅዱ አለቀ። አምስት ሰው ሆነን በዕቁብም በብድርም ብለን እንገዛዋለን፣ አምስት ቤት እንሠራለን፣ ጀርባው ላይ በግ እናረባለን፣ ለፋሲካ ሐበሻው ሁሉ ከእኛ ይገዛል፣ መሀል ላይ ለሰርግ የሚከራይ አዳራሽ። አዳራሹ የሱ ሐሳብ ነው፣ በጎቹ የኔ።

ኦገስት ላይ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት ልናየው ሄድን። በ270 ሃይዌይ ወደ ላይ ስትወጡ ሮክቪል፣ ጌትስበርግ፣ ጀርመንታውን ድረስ ሕንፃና መኪና ነው፣ ከዛ ሃይዌዩን ለቃችሁ ወደ ፑልስቪል አቅጣጫ ስትታጠፉ በትንሽ ደቂቃ ውስጥ አገሩ ሌላ ይሆናል። በቆሎ። ከመኪናው ጣሪያ በላይ የቆመ በቆሎ ግራና ቀኝ፣ ፈረስ፣ የእንጨት አጥር፣ መንገዱ ጠቦ ሁለት መኪና ተጠባብቆ ነው የሚተላለፈው። አብሮ አደጌ መስኮቱን ከፍቶ «አንተ፣ ይሄ እኮ አርሲ ነው» አለኝ። ከዋይት ሀውስ የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳን አይሞላም እኮ። ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብን፣ እንዲህ ቅርብ ሆኖ እንዲህ ባዶ የሆነ ቦታ ያለምክንያት ባዶ አይሆንም።

ሐበሻ ሪልተር፣ የቤት ደላላ፣ የሆነች ወዳጅ አለችን፣ እዛው ሆኜ ደወልኩላት፣ አካባቢውን ስነግራት ዋጋውን እንኳን አልጠየቀችኝም። «ቲዲአሩ ተሸጧል ወይስ አለ?» ነው ያለችው። እኔ የመኪና ክፍል መስሎኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ በዛ አካባቢ በየ5 ኤከሩ አንድ ቤት ይፈቀድ ነበር። መሬቱ በ5 በ5 ኤከር ከተቆራረጠ ደግሞ እርሻ አለቀለት፣ ኮምባይነር አይዞርበትም፣ አዲስ የገባው ጎረቤትም የፍግ ሽታ ገደለኝ እያለ ይከሳል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1980 ካውንቲው 93,000 ኤከር አካባቢ፣ የካውንቲውን መሬት አንድ ሦስተኛ ያህል፣ የእርሻ ክልል ብሎ አጠረውና ከዚህ በኋላ በ25 ኤከር አንድ ቤት ብቻ አለ። 93,000 ኤከር ስንት እንደሆነ እንዲገባችሁ፣ የአዲስ አበባን ስፋት ሁለት ሦስተኛ ያልፋል።

ገበሬው ታዲያ ዝም ብሎ ይቀበላል? ትናንት 20 ቤት የሚያስቆም 100 ኤከር ነበረው፣ ዛሬ 4 ብቻ ነው ተባለ፣ ይሄ እኮ ኪሱ ውስጥ እጅ መክተት ነው። ስለዚህ ያንን የድሮውን ቁጥር ወረቀት ላይ አስቀሩለት። ለየ5 ኤከሩ አንድ የመሥራት መብት አለህ፣ ግን እዚህ አትሠራበትም፣ ሌላ ቦታ ቤት ሠርቶ ለሚሸጥ ዴቨሎፐር ትሸጥለታለህ፣ እሱ ደግሞ ካውንቲው እዚህ ይብዛ ብሎ በመረጣቸው ቦታዎች፣ እንደ ኦልኒና ክላርክስበርግ ባሉት፣ መደበኛው ዞኒንግ፣ የት ምን ያህል ይሠራ የሚለው ደንብ፣ ከሚፈቅድለት በላይ ቤት ይጨምርበታል። ቲዲአር የሚሉት ይሄንን መብት ነው። ገበሬው ብሩን ያገኛል፣ መሬቱም አይሄድም፣ ያርሰዋል፣ ያወርሰዋል፣ እርሻ ሆኖ ይቆይ የሚለው ግን ሰነዱ ላይ ይጻፍና ማንም ቢገዛው አብሮት ይሄዳል። በዚህ መንገድ ብቻ ከ50,000 ኤከር በላይ ተይዟል፣ መብቱ የተገዛበት ብር ደግሞ ከካውንቲው ካዝና አልወጣም።

እውነት ለመናገር ይሄን ስሰማ ተናድጄም ተገርሜም ነበር። እኛ አገር ከተማ ወደ ገበሬው ሲመጣ ምን እንደሚሆን የምታውቁት ነው፣ መሬቱ የመንግሥት ነው፣ ገበሬው በምርቱ ተሰልቶ ካሳ ይሰጠዋል፣ ካርታው ለሌላ ይሆናል። እዚህ ደግሞ ገበሬው ያልሠራውን ቤት ሸጦ እርሻው ላይ ቁጭ ብሏል።

የኛ 11 ኤከር መብቱ በ80ዎቹ ተሽጦ አልቋል። አምስት ቤት ቀርቶ አንድም የለም። ማስታወቂያው ላይ ግን «ለኢንቨስትመንት ምቹ» ነው የሚለው፣ ሻጩን እግዜር ይይለት። ሪልተሯ ለማጽናናት ይሁን ለማብሸቅ እንጃ፣ «ባይሸጥም እኮ ፐርክ ቴስት ነበረባችሁ» አለችን። እዛ የፍሳሽ መስመር አይገባም፣ ሆን ተብሎ ነው እንዳይገባ የተደረገው፣ ስለዚህ ቤት የሚሠራ ሰው ሴፕቲክ፣ ፍሳሹን እዛው አፈር ውስጥ የሚያሰርግ ታንከር፣ ያስፈልገዋል፣ ለሴፕቲክ ደግሞ ጉድጓድ ይቆፈርና ውሃ ይሞላበታል፣ ኢንስፔክተሩ ሰዓት ይዞ አፈሩ በስንት ደቂቃ እንደጠጣው ይለካል፣ ቶሎ ካልጠጣ ቤት የለም። አዳራሽ ሰርተን 400 ሰው ዶሮ ወጥ አብልተን ሽንት ቤቱ የት ሊሄድ እንደነበር አስቤ ዝም አልኩ።

ከዛ ወዲህ ነገሩን ማንበብ ሱስ ሆነብኝ። ጥንስሱ የ1964ቱ ፕላን ነው፣ «ሽብልቅና ኮሪደር» እንደማለት ነው ስሙ። ኮሪደር ስላችሁ የአዲስ አበባውን እንዳታስቡ። እጃችሁን ዘርጉ፣ መዳፉ ዋሽንግተን ነው፣ ጣቶቹ ትልልቆቹ መንገዶችና በኋላ የመጣው ሜትሮ፣ ሰው በጣቶቹ ላይ ይኑር፣ በጣቶቹ መሀል ያለው ሽብልቅ ደግሞ አረንጓዴ ይሁን። 270ና ሬድ ላይን የሚባለው የሜትሮ መስመር አንድ ጣት ናቸው፣ ያ በቆሎ የሽብልቁ ጫፍ ነው፣ እኔ ደግሞ ከመዳፉ አልፎ ጣቱ የሚጀምርበት ላይ ታጭቄያለሁ።

ስቴቱስ? ሜሪላንድ ውስጥ ምን የት ይሠራ የሚለውን በአብዛኛው የሚወስነው ካውንቲው ነው፣ 23 ካውንቲና ባልቲሞር ከተማ፣ ሁሉም በየራሱ ካርታ። ስቴቱ ግን ገንዘብ አለው። በ1997 የያኔው የስቴቱ ገዥ ፓሪስ ግሌንደኒንግ ያመጡት ሕግ ብልጠቱ እሱ ነበር፣ ቤት መሥራት አትችልም አላለም፣ ካውንቲዎች የዕድገት ቦታ ብለው ካሰመሩት ውጪ ግን የስቴት ብር ለመንገድ ለፍሳሽ አይወጣም አለ። ዋሽንግተንን በሚዞረው ቀለበት መንገድ፣ በቤልትዌዩ፣ ውስጥ ያለው ሁሉ በቀጥታ ገባ፣ የኛ ሲልቨር ስፕሪንግም። ቀዳዳው ደግሞ ይሄው የፍሳሹ ነገር ነው፣ የራሱን ሴፕቲክ የሚቀብር ዴቨሎፐር የስቴት ብር ምን ያደርግለታል? ማሳ መሀል ሄዶ ይሠራል፣ የፍሳሹ ናይትሮጂን በአፈር ሾልኮ ቼሳፒክ ቤይ የሚባለው የባሕር ወሽመጥ ይገባል። ለዛ ነው በ2012 ሌላ ሕግ የወጣው፣ ካውንቲዎች መሬታቸውን በአራት ደረጃ ይከፍላሉ፣ አራተኛው እርሻና ጫካው ነው፣ እዛ በሴፕቲክ ትልቅ ሰፈር መመሥረት አይቻልም። ከመጀመሪያው ሕግ 15 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ግን የነገሩ ግማሽ ነው፣ የማቆየቱ ግማሽ፣ እሱ ላይ ጎበዞች ናቸው። ስምምነቱ ግን እዛ አይሠራም እዚህ ይሠራል ነበር አይደል? እዚህስ ተሠራ?

በ2019 ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ለአዲስ ቤት ፈቃድ መስጠት ቆሞ ነበር። ምክንያቱ ትምህርት ቤት ነው፣ የካውንቲው ደንብ ትምህርት ቤቶቹ ከአቅማቸው 120 በመቶ ካለፉ በዛ ክልል አዲስ የመኖሪያ ቤት ፕሮጀክት አይጸድቅም ይል ነበር። እስቲ አስቡት፣ ስቴቱ እዚህ ብዙ፣ ሜትሮ አለ፣ መስመር አለ ይላል፣ ካውንቲውም በፕላኑ እንደዛው ይላል፣ የዛው ካውንቲ ሌላ ደንብ ደግሞ ቆይ ክፍል ሞልቷል ይላል። እንደዛ አይነቱን ክልከላ በ2020 መጨረሻ አነሱት፣ ያመለጠው ጊዜ ግን አመለጠ፣ ኪራዩ አልጠበቀንም። ፐርፕል ላይን የሚባለው ቀላል ባቡርም አለ፣ ከቤተስዳ ኒው ካሮልተን፣ 16 ማይል፣ 21 ጣቢያ፣ ስቴቱ ነው የሚያሠራው፣ በ2017 ተጀምሮ እስከ 2025 እንኳን አላለቀም። ባቡሩን ስቴቱ ይሠራዋል፣ ጣቢያው ዙሪያ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ይቁም ወይ ባለ ስድስት የሚለው ግን የካውንቲው ነው፣ ለዛ ነው ስቴቱ በ2024 ሕግ አውጥቶ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ለዝቅተኛ ገቢ ቤት የሚጨምር ዴቨሎፐር ከዞኒንጉ በላይ ይሥራ ያለው፣ ካውንቲውም በጁላይ 2025 በትልልቅ መንገዶች ዳር ዱፕሌክስ፣ ማለትም ሁለት ቤት በአንድ፣ እና ትንንሽ አፓርትመንት እንዲፈቀድ ያደረገው።

እሱም ስንት ጭቅጭቅ ነበረው። እኔ ካለሁበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ሳይቀር ተቃወሙ የሚል ፎርም ሲዞር ነበር፣ የላኩት ደግሞ የሠላሳ ዓመት የቤት ባለቤት የሆኑ፣ በጣም የማከብራቸው ጋሼ ናቸው። ደወልኩላቸው። «ጋሼ፣ እርስዎም?» አልኳቸው። «ፓርኪንጉስ የት ይሆናል ልጄ፣ አሁንም እኮ እንግዳ ሲመጣብኝ ሁለት ብሎክ ርቆ ነው የሚያቆመው» አሉኝ። ልጃቸው የት እንዳለ ጠየቅኳቸው። በ270 ወደ ላይ ከሞንትጎመሪ ቀጥሎ ባለው ካውንቲ፣ ፍሬድሪክ፣ ቤት ገዝቷል፣ እዚህ አልተቻለውም፣ በሁለት ሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። ይሄንን ሲሉ እሳቸውም ትንሽ ዝም አሉ፣ ከዛ ስለ ዕድሩ ማውራት ጀመሩ። ስለ ፓርኪንጉ ውሸት አልተናገሩም፣ ግን የዛን የ25 ኤከሩን ዋጋ አንድ ሰው መክፈል አለበት፣ ገበሬው መብቱን ሸጦ ወጥቷል፣ የቤት ባለቤቱ ቤቱ በየዓመቱ ይወደድለታል፣ የቀረው ተከራዩ ነው።

ተከራዩ ታዲያ ካውንቲ ያልፋል። ይሄ ነው የገረመኝ፣ የሞንትጎመሪ ዞኒንግ የሚያልቀው ካውንቲው መስመር ላይ ነው፣ 270 ግን አያልቅም። የሞንትጎመሪን በቆሎ አድነን ሰውየውን ከማዶ ሌላ ካውንቲ ማሳ የነበረ ቦታ ላይ አሰፈርነው ማለት ነው፣ በስቴቱ ካርታ ላይ ካየኸው በቆሎው ቦታ ነው የቀየረው። በዛ ክልል ቤት ይፈቀድ እያልኩ አይደለም፣ እንዳይመስላችሁ፣ እኔ አሁን የዛ በቆሎ ጠበቃ ሆኛለሁ።

በጎቹን ትቻለሁ። አብሮ አደጌ ግን ቤዝመንት መሮት ባለፈው ክረምት፣ ማለቴ የዚህ አገሩን ክረምት፣ እሱም ፍሬድሪክ ታውንሃውስ ገዛ። ሥራው አሁንም ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጠዋት ከጨለማ ይወጣና ክላርክስበርግ ጋ ትራፊኩ ሲቆም ደውሎ ይሰድበኛል፣ ባለፈው ሳምንት ደሞ ፎቶ ልኮልኛል፣ ፊት ለፊቱ ቀይ የፍሬን መብራት እስከ አድማስ፣ በቀኝ በኩል ማሳ፣ ከሥሩ «መሬታችን እንዴት አደረች» ብሎ ጽፎበታል።