በቀቀኗና የእማዬ እጣን

ሐሙስ ማታ በቀቀኗን አራት ኪሎ ወዳለው ኮንዶሚኒየማችን ይዣት ገባሁ። ጥጓን ይዛ ጭጭ። ጥሬዋንም አልነካች። የሽቦ ቤቷን ከግድግዳ አስጠግቼ ግማሹን በነጠላ ሸፈንኩላትና ተውኳት።

ጣጣው እሁድ መጣ። እማዬ ቡና ልታፈላ ከሰል አቀጣጥላ እጣኑን ልታጨስ ስትል «ቆይ ቆይ!» ብዬ ጮህኩ። የወፍ ሳንባ ጭስ አይችልም። ምግብ የማይጣበቅበት መጥበሻ ከልክ በላይ ሲግል የሚወጣው ጋዝማ ይገድላታል። አቮካዶም መርዟ ነው።

«ለወፍ ብዬ ቡናዬን ያለ እጣን?» ተቆጣች። ተደራደርን፤ ቡናው በረንዳ ላይ፣ በሩ ግጥም ተደርጎ ተዘግቶ።

ማታ ስገባ እማዬ ከወፏ አጠገብ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች። ወፏ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ጣቶቿን ታያለች።

«ይቺ ልጅ እራቷን በላች?» አለችኝ።