ድሬ ላይ ምን ብርድ አለ?

ዛሬ ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ የሚነፋ የካምፒንግ ፍራሽ ስመርጥ "ብርድ ይችላል?" ብዬ ጠየቅኩት። ሻጩ ሳቀብኝ። "አቦ፣ ድሬ ላይ ምን ብርድ አለ!" እውነቱን ነው፤ በሽርጥ ተቀምጦም ያልበዋል።

"ቁንዱዶ ተራራ ላይ ልናድር ነው" ስለው ግን ሳቁን ተወው። ጫማውን አውልቆ፣ ቀላሏን ነፍቶ፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ በጎኑ ተጋደመባት። ዳሌው ሲሚንቶውን ነካ። ራሱ ተነስቶ "ይቺ አትሆንህም" አለኝ። እንዲህ ዓይነት ነጋዴ ይብዛልን።

እኛ ብርድ ሲባል የምናስበው ከላይ የሚደረበውን ጋቢ ነው። ተራራ ላይ ግን ሙቀታችንን የሚመጠው መሬቱ ነው። ባዶ አየር ብቻ የያዘ ፍራሽ ደግሞ ብዙም አያግደውም፣ አየሩ ውስጥ ለውስጥ ይዘዋወራላ። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ አር-ቫልዩ የሚለውን፣ ፍራሹ ሙቀት እንዳያመልጥ ምን ያህል እንደሚያግድ የሚያሳየውን ቁጥር ማየት ነው። ለቆላ 1 ወይም 2 ይበቃል። ወደ 3,000 ሜትር ለሚጠጋ ተራራ ግን 4 እና ከዚያ በላይ ይሻላል።

ወፍራሙን ወሰድኩ። ትንሽ ይከብዳል፣ ሲገላበጡበትም እንደ ቺፕስ ላስቲክ ይንኮሻኮሻል። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፤ ባለቤቴ ፖስቶቼን ታነባለች።