ለዳትሰኗ ሰርቮ ስቀይር የበሉኝ ሦስት ቅዳሜዎች

መኪናዋ የ72 ዳትሰን 240ዜድ ናት፣ በፈረንጅ ማለቴ ነው፣ ባለ 2.4 ሊትር ስድስት ሲሊንደር፣ ሁለት ካርቡራተር ያላት፣ በእድሜ ከኔ የምትበልጥ። የምኖረው አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ስለሆነ ቅዳሜ ከሰዓት ጆርጂያ አቬኑ ላይ ይዣት ስወጣ መብራት በመብራት ነው፣ እና ባለፈው መስከረም አካባቢ የፍሬን ፔዳሉ ድንጋይ እየሆነብኝ መጣ። መያዙን ትይዛለች፣ ግን ቤት ስገባ ቀኝ እግሬ ጂም የዋለ ነው የሚመስለው። ስረግጥ ደሞ ከእግሬ ስር ስስስስ የሚል ድምፅ አለ፣ ቆሜ ከረገጥኩም ሚኒሞዋ፣ ነዳጅ ሳልረግጥ ሞተሩ የሚዞረው ማለቴ ነው፣ ይንቀጠቀጣል።

ይሄ የሰርቮ ምልክት ነው። እዚህ አገር ቡስተር ነው የሚሉት፣ እኔ ግን አጎቴ ጋራዥ ስላደግኩ ሰርቮ ካላልኩ ያወራሁ አይመስለኝም። ለማያውቅ፣ ከፍሬን ማስተሩ (ስትረግጥ የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው) ጀርባ ያለው ድስት የሚመስል ክብ ጥቁር ቆርቆሮ ነው። ውስጡ በላስቲክ ለሁለት ተከፍሏል፣ ሞተሩ በቱቦ የሁለቱንም ወገን አየር መጦ ይይዘዋል፣ ፔዳሉን ስትነካ በአንዱ ወገን ብቻ የውጭ አየር ይገባና ላስቲኩን ገፍቶ አብሮህ ማስተሩን ይረግጥልሃል። በቃ ይሄው ነው፣ ረዳት እግር ማለት ነው።

ሙከራው ቀላል ነው። ሞተር አጥፍተህ ፔዳሉን አምስት ስድስቴ ትረግጣለህ፣ ከዛ ረግጠህ እንደያዝክ ታስነሳለህ፣ ሰርቮው ጤነኛ ከሆነ ፔዳሉ ከእግርህ ስር ትንሽ ዝቅ ይላል። የኔ ንቅንቅ አላለም። ቱቦው ላይ ያለችውን አየር በአንድ በኩል ብቻ የምታሳልፍ ቫልቭ ነቅዬ በአፌ ነፋሁባት፣ በአንዱ በኩል ታሳልፋለች በሌላው አታሳልፍም፣ ደህና ናት። ስለዚህ የተቀደደው ውስጡ ነው።

እዚህ ጋ ነው እንግዲህ ጭንቅላቴ የተሳሳተው። ያንኑ ዓይነት ገዝቼ መግጠም ስችል "ከተፈታ አይቀር ለምን አላሳድገውም" አልኩ። ሂሳቡ ያጓጓል እኮ፣ 20 ሴንቲ ስፋት ያለው ላስቲክ ሞተሩ ደህና አርጎ እየሳበ ከሆነ ወደ 190 ኪሎ ይገፋል፣ ሦስት ሴንቲ ብቻ ብትጨምርለት ግፊቱ በ32 ፐርሰንት ያድጋል። ወደፊት ደሞ የድሮውን የቶዮታ ፎር ዊል ፒክአፕ፣ እኛ ሃይሉክስ የምንለውን፣ ባለ አራት ፒስተን ካሊፐር፣ ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘውን ማለቴ ነው፣ ልገጥምላት አስቤያለሁ (ብዙ የዜድ ሰው የሚሰራው ነው፣ ከዲስኩ ኋላ ያለውን ቆርቆሮ ትንሽ መቁረጥ ነው እንጂ ገጥ ብሎ ይገባል) ስለዚህ ማስተሩንም ከሰባት ስምንተኛ ኢንች ወደ አስራ አምስት አስራ ስድስተኛው፣ ከሷ በኋላ የመጣችው የ280ዜድኤክሷ ማለት ነው፣ አሳደግኩት። ሰርቮውን ከአንድ 280ዜድ ላይ የወጣ ሰፋ ያለ አገኘሁ።

ስለ ማስተሩ አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው ገልብጦ ነው የሚያወራው። ትልቅ ማስተር ፍሬን አያጠነክርም። ከ22.2 ወደ 23.8 ሚሊ ስትሄድ በአንድ ርግጫ 15 ፐርሰንት ተጨማሪ ዘይት ትገፋለህ፣ ፔዳሉ አጭርና ጠንካራ ይሆናል፣ ግን በዛው እግር የምታገኘው ግፊት ወደ 13 ፐርሰንት ይቀንሳል። ያንን የቀነሰውን ነው ትልቁ ሰርቮ የሚመልስልህ። ሰርቮም ቢሆን መኪናዋን በአጭር ርቀት አያቆማትም፣ እሱ የሸራና የዲስክ የጎማም ጉዳይ ነው፣ ሰርቮ እግርህን ነው የሚያሳርፈው።

አንደኛው ቅዳሜ ሙሉውን መፍታት ላይ አለቀ። ከኮፈኑ በኩል ያለው ቀላል ነው፣ ጉዱ ያለው ከውስጥ ነው። ሰርቮው በአራት ዳዶ ታስሯል፣ አራቱም ዳሽቦርዱ ስር ናቸው፣ ስለዚህ ወንበሩን አውጥቼ ጀርባዬን በሩ ደፍ ላይ አጋድሜ፣ እግሬን ወደ ኋላ መስኮት ሰቅዬ፣ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ። የመጨረሻዋን ዳዶ በጣቴ ጫፍ ብቻ ነው ያገኘኋት። ሃምሳ ዓመት የተጠራቀመ ብናኝ አይኔ ውስጥ ገባ። ሰርቮውን አውጥቼ ዘቅዘቅ ሳደርገው ግማሽ ስኒ የሚሆን ጥቁር የፍሬን ዘይት ዟ ብሎ ወጣ! ለካ ማስተሩ ከኋላው ላስቲክ በኩል ሲያፈስ ኖሮ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ሰርቮው ነበር የሚያፈሰው፣ መሬት ላይ አንድ ጠብታ አይቼ አላውቅም፣ የሰርቮውን ላስቲክ የበላውም እሱ ነው። ማስተሩ አርጅቶ እያለ ሰርቮ ብቻ የሚቀይር ሰው በዓመቱ ተመልሶ እዛው ዳሽቦርድ ስር ነው የሚተኛው።

ሁለተኛው ቅዳሜ ገጠምኩ፣ ከፍሬን ዘይቱ ቱቦ ውስጥ አየሩን አስወጣሁ፣ ፔዳሉ ቅቤ ሆነ። ደስ ብሎኝ ይዣት ወጣሁ። አራተኛው መብራት ላይ ነዳጅ ስረግጥ መኪናዋ የሆነ ሰው ከኋላ የያዛት ይመስል ተጎተተች፣ ስድስተኛው ላይ ፔዳሉ ተነስቶ ጠንክሯል፣ ከፊት ጎማዎቹ የተቃጠለ ሸራ ሽታ መጣ ከዛ ጭስ። ጥግ ይዤ ቆምኩ። እጄን ወደ ቸርኬው ሳስጠጋ ገና ሳልነካው ፈጀኝ።

ችግሩ ከሰርቮው ወጥታ ማስተሩን የምትገፋው ዘንግ ናት። እኔ አልለካኋትም፣ ከሌላ መኪና የመጣ ሰርቮና ከሌላ መኪና የመጣ ማስተር አገናኝቼ "ገብቷል" ብዬ ዘጋሁት። ዘንጓ ትንሽ ስለረዘመች እግሬን ባነሳም የማስተሩን ፒስተን ትንሽ እንደገፋችው ነው፣ ዘይቱ ወደ ጋኑ የሚመለስባት ቀዳዳ ተዘግታለች፣ ዘይቱ ሲሞቅ ይለጠጣል መሄጃ የለውም፣ ፍሬኑን ራሱ ይይዛል፣ ሲይዝ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይይዛል። እዛው መንገድ ዳር ማስተሩን ሰርቮው ላይ ያሰሩትን ሁለት ዳዶዎች ላላ ሳደርጋቸው ማስተሩ ወደ ፊት ፈቀቅ አለና ፍሬኑ ጎማውን ለቀቀው። ይሄ ቤት ድረስ የሚያደርስ ሳይሆን ምክንያቱን የሚያሳይ ዘዴ ነው፣ በላላ ማስተር አይነዳም፣ እኔ በጭነት መኪና ነው ያስጎተትኳት።

ከዛ ያበላሸሁት ግን ከዚህ ይብሳል። እሁድ ጠዋት ማስተሩን ወደ ጎን አድርጌ ዘንጓን ላሳጥር ስል በእጄ መዘዝኳት። ወጣች። ጫፏን በፒንሳ አዙሬ አሳጠርኳት፣ መልሼ ከተትኳት፣ ሁሉን አሰርኩ። ሰፈር ውስጥ ቀስ ብዬ ልሞክራት ስል ፔዳሉን ገና በጫማዬ ጫፍ ነካ ከማድረጌ መኪናዋ ግጭ ብላ ቆመች፣ ግንባሬ መሪውን ሊስም ትንሽ ነው የቀረው። እንደገና ሞከርኩ፣ ያው ነው፣ ወይ ምንም የለም ወይ ሙሉ ነው፣ መሃል የሚባል ነገር የለውም።

አዲስ አበባ አጎቴ ጋ ደወልኩ። እድሜ ልኩን ጋራዥ ነው የኖረው፣ አዲስ አበባ የዳትሰን ፒክአፕ በሞላችበት ዘመን የእጁን ያህል የሚያውቃት መኪና ናት።

"ጋሼ፣ ፍሬኑ አስቸገረኝ።"

"አንሶህ ነው በዝቶብህ?"

"በዝቶብኝ።"

ሳቀ። "ዘንጓን ነቀልካት አይደል?"

"እንዴት አወቁ?"

"ላስቲኳ ወድቃለች በላ! ጭራሽ ፈረንጅ አገር ሄደህ መካኒክነት ጀመርክ?"

ላስቲኳ ማለት ከዘንጓ ኋላ የምትቀመጥ የሳንቲም ስፋት ያላት ጥቁር ክብ ጎማ ናት። ሰርቮው የሚገፋውን ኃይል ትንሽ ቀንሳ ወደ እግርህ የምትመልሰው እሷ ናት፣ ምን ያህል እንደረገጥክ የሚሰማህ በሷ ነው። ዘንጓን ስትመዝ ጠብ ትልና ድስቱ ውስጥ ትገባለች፣ ከዛ ሰርቮው ያለውን ሁሉ በአንዴ ይሰጥሃል። እነዚህ ዜዶች ላይ የታወቀ ነገር ነው ለካ፣ እኔ ብቻ ነኝ ያልሰማሁት። ዘንጓን ማስተካከል ካለብህ ሳትመዛት በፒንሳ እንዳትዞር ይዘህ ጫፏን ብቻ ታዞራለህ፣ ሌላ ጣጣ የለውም።

ሦስተኛው ቅዳሜ እንደገና ዳሽቦርድ ስር ተጋደምኩ፣ አራቱን ዳዶ እንደገና። ሰርቮውን አውጥቼ እንደ ሎተሪ ጣሳ አንቀጫቀጭኩት፣ ላስቲኳ ውስጥ ስትንከባለል ትሰማለች፣ ቀዳዳው ላይ እስክትመጣ ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። ጫፏ ላይ ትንሽ ሲሊኮን ቀባሁና ዘንጓ ላይ ለጥፌ፣ ሲይዝ ቀጥ አድርጌ መለስኳት። ከዛ ዘንጓን ለመለካት ማስቲካ ተጠቀምኩ። አኝኬ ዘንጓ ጫፍ ላይ ለጠፍኩ፣ ማስተሩን አስገብቼ በሁለቱ ዳዶ አጠበቅኩ፣ መልሼ ፈታሁና የተዳጠውን ማስቲካ ውፍረት አየሁ። መጀመሪያ ላይ ጭራሽ በስቶት አልፏል፣ ማለትም ዘንጓ አሁንም ረጅም ናት። ሦስት ማስቲካ ጨረስኩ። በስተመጨረሻ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ሳይበሳ ሲቀር እዛ ላይ ተውኩት፣ መንካት የለባትም፣ ከራቀች ደሞ ፔዳሉ ባዶውን ይወርዳል።

የማስተሩን ቱቦዎች ስታስር ላዩ ላይ የተቀረጹትን ኤፍ እና አር የሚሉ ፊደላት እይ፣ የፊት የፊት የኋላ የኋላ ነው፣ በድሮዋ መኪና አቀማመጥ ለምደህ በግምት አትሰር። የቱቦዎቹ ዳዶ በተለመደው ቁልፍ ከታገልካቸው ይላጣሉ፣ ለነሱ ተብሎ የተሰራውን ከፈት ያለ ቁልፍ ግዛ፣ ዋጋው ከአንድ ቱቦ አይበልጥም።

አየር ማስወጣቱ ላይ ባለቤቴ ናት የረገጠችው። "ርገጪ፣ ያዢ፣ ልቀቂ፣ አይ ገና ነው አትልቀቂ!" ስል አርባ ደቂቃ፣ ጎረቤት ሰምቶ ምን እንዳሰበ እንጃ። መሃል ላይ "አንተ፣ ይቺን መኪና ሸጠን ሌላ ብንገዛስ" አለችኝ። ያልሰማሁ መሰልኩ።

አሁን ፔዳሉ ሁለት ጣት ያህል ወርዶ ይይዛል፣ ከዛ በኋላ በረገጥከው ልክ ይጨምራል፣ ፉጨቱ የለም፣ ሚኒሞዋም ጸጥ ብላለች። እውነቱን ለመናገር ያንኑ የድሮውን ዓይነት ሰርቮ ከጤነኛ ማስተር ጋር ብገጥም ኖሮ ከዚህ ብዙም የሚለይ አይመስለኝም፣ የሃይሉክሱን ካሊፐር እስክገጥም ድረስ ትልቁ ለጉራ ነው ያለው። የግራ ፓራፋንጎ ላይ ደሞ የእጅ መዳፍ የምታክል ቀለም ተልጣለች፣ የፍሬን ዘይት የነካውን ጨርቅ አንድ ሌሊት እዛ ላይ ረስቼው አድሬ ነው። አጎቴ ፎቶዋን ልኬለት ያየው እሱን ብቻ ነው።