ምላሱን ያወጣብኝ እንሽላሊት

ታናሽ ወንድሜ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ቡናዬ ጭኔ ላይ ተደፋ።

«ምን ሆነሃል?»

«ባልና ሚስት ናቸው እትዬ፤ ይለፉ እንጂ!»

ባል የለ፣ ሚስት የለ። አስፋልቱ ላይ ያሉት የደረቀ ቆረቆንዳ የመሰሉ ሁለት ነገሮች ናቸው።

ጠዋት ከአውስትራሊያዋ ከተማ ከአደላይድ ተነስተን ወደ ሰሜን 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተናል። ቡራ የምትባለውን የድሮ የመዳብ ከተማ አልፈን ወደ ሞርጋን ታጥፈናል። ቡራ ላይ ወንድሜ አንድ ወሬ ነግሮኝ ነበር። ከምድር ጠፋ የተባለ አንድ ድንክ እንሽላሊት እ.ኤ.አ. በ1992 የተገኘው እዚያው አካባቢ፣ በሞተ እባብ ሆድ ውስጥ ነው አሉ። ኑሮው ሸረሪት በቆፈረችው ጉድጓድ ውስጥ ነው።

መንገድ የዘጉብን ደግሞ የዚያ ድንክ ትልልቅ ዘመዶች ናቸው። ስኪንክ ከሚባሉት እንሽላሊቶች መካከል ሰማያዊ ምላስ ካላቸው ወገን ሲሆኑ፣ የአገሬው ሰው «እንቅልፋሙ እንሽላሊት» ይላቸዋል። እኛ «በጥቅምት አንድ አጥንት» በምንልበት ሰሞን እዚህ ጸደይ ነው። ፀሐይ ፍለጋ አስፋልት ላይ ይወጣሉ፤ መኪናም ይበላቸዋል።

ወርጄ ከኋላ ያለውን ጠጋ ብዬ አየሁት። ቅርፊቱ ወፍራም፣ ጅራቱ አጭርና ድቡልቡል ነው። ጭንቅላቱ በየት በኩል እንደሆነ ግራ ገባኝ። ጎንበስ ብዬ ዓይኑን ስፈልግ ወንድሜ ሳቀብኝ፤ ለካ ጅራቱን ነው የማየው! እንደ ግመል ሻኛ ስብ የሚያከማችበት እዚያ ነው፤ ምግብ ሲጠፋ ከዚያ ይመነዝራል።

ዞሬ በፊቱ በኩል መጣሁ። ይሮጣል ብዬ ነበር፤ በነዚያ ኩርማን እግሮች የት ሊደርስ! አፉን በረገደውና ምላሱን ዘረገፈው። እስክሪብቶ ሲያኝክ ቀለሙ አፉ ውስጥ የፈሰሰበት ተማሪ ነው የሚመስለው። መርዝ የለውም፤ ሥራው ማስደንገጥ ነው። እኔን አስደንግጦኛል።

ወንድሜ «ባልና ሚስት» ያለው ለቀልድ አልነበረም። ከዚህ መንገድ ብዙም በማይርቀው ማውንት ሜሪ አካባቢ፣ የፍሊንደርስ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማይክል ቡል እነዚህን እንሽላሊቶች ከ30 ዓመት በላይ ተከታትለዋል። ጥንዶቹ አብዛኛውን ዓመት ለየብቻ ነው የሚኖሩት። ጸደይ ሲመጣ ተፈላልገው ይገናኛሉ፤ ለሳምንታት አብረው ይውላሉ፤ ከዚያ ይለያያሉ። በዓመቱም ያው ሰውዬ፣ ያቺው ሴትዮ። እንዲህ እያሉ ከ20 ዓመት በላይ የዘለቁ አሉ። እንቁላል መጣል የለም፤ ትወልዳለች። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ናቸው፤ ተደምረው የእናታቸውን ክብደት ሲሶ ሊያክሉ ይችላሉ። እናቴ ብትሰማ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ትላት ነበር።

ፊት ያለችው ተነቃነቀች። የኔው ተሳዳቢ ምላሱን ሰብስቦ፣ ጅራቷን እየተከተለ ተሳበ። ከኋላችን አንድ የጭነት መኪና መጥቶ ቆመ። ጥሩምባ ይነፋብናል ብዬ ስጠብቅ ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ።