ዓይን ያወጣ ብየዳ

የሲኦቱ (በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚሠራ) ብየዳ ማሽን ከገዛሁ ስምንት ወር ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ቶርቹን፣ ሽቦውና ጋዙ የሚወጡበትን እጀታ፣ ፈትቼ ጠርጌው አላውቅም። እየሠራ ነዋ፣ ምን አስነካኝ!

ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤታችንን የእትዬን የላሜራ በር እየበየድኩ ነው። ማሽኑ ሲሠራ እንደ ጥሩ ጥብስ ነው የሚንጣጣው። ያን ቀን ግን ጉንፋን እንደያዘው ሰው ያነጥሰዋል። ጭንብሌን ቀና አድርጌ ሳየው ብየዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኗል። እትዬ ለካ ከኋላዬ ቆመዋል።

«ውይ ልጄ! ዓይኑ ሲያምር! ለእኔ እንኳ ምጣድ ላይ እንዲህ አይወጣልኝም።»

ረዳቴ ሳቁን ለመደበቅ ግራይንደሩን ያለ ሥራ አስነሳው።

ብየዳ ዓይን የሚያወጣው ጋዙ የቀለጠውን ብረት ከአየር መከለል ሲያቅተው ነው። ይህን አውቃለሁ። ስለዚህ ጥፋተኛው ጋዙ ነው አልኩ። መለኪያው በደቂቃ 12 ሊትር ይላል፤ አላመንኩትም። ሲሊንደሩን ቀየርኩ (የማስጫኛውን ሒሳብ አትጠይቁኝ)። ያው ዓይን! ነፋሱ ነው ብዬ በሸራ ጋረድኩ። ያው ዓይን! እትዬ ቡና አፍልተው፣ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ያዩኛል።

በመጨረሻ ረዳቴ «አለቃ፣ አፉን አይተኸዋል?» አለኝ።

ኖዝሉን፣ የቶርቹን አፍ፣ ነቅዬ ወደ ብርሃን አዞርኩት። ውስጡ በብረት ፍንጣሪ ተደፍኗል፤ ጋዙ የሚያልፍበት ቦታ የለውም። በፒንሳ ስፈቀፍቀው ድስት ላይ እንዳረረ ሽሮ እየተቀረፈ ወደቀ። ሽቦውን የሚያሳልፈው ቲፑ ደግሞ ከእሱ ይብሳል። ክብ የነበረው ቀዳዳው ተበልቶ እንቁላል መስሏል፤ ሽቦው ውስጡ ይወዛወዛል።

ቲፕ ልገዛ መርካቶ ሮጥኩ። ሻጩ «ስንት ነው?» አለኝ። «አንድ» አልኩት። እኔ አንድ ፍሬ ማለቴ ነው። እሱ አንድ ቁጥር፣ የአንድ ሚሊ ሜትር ሽቦ ቲፕ፣ ሰጠኝ። የእኔ ሽቦ 0.8 ነው! ገጥሜ ስሞክረው ሽቦው የአባቱን ጫማ እንዳጠለቀ ልጅ ይንከላወሳል፤ እሳቱም ይያዝና ይጠፋል። ተመልሼ ሄድኩና ጮክ ብዬ «ዜሮ ነጥብ ስምንት! አሥር ፍሬ!» አልኩ። ዋጋው ከሲሊንደሩ ማስጫኛ አይደርስም።

ሰኞ ያንን ዓይናም ብየዳ በግራይንደር ፍቄ እንደገና በየድኩት። ልሙጥ አለ። እትዬን በኩራት ጠራኋቸው። በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉትና ፊታቸው ቅር አለው።

«ምነው ልጄ፣ ይሄኛውማ ቂጣ ሆነብህ!»