በአሮጌ የጊታር አምፕሊፋየር ውስጥ የላላውን ስፒከር እንዴት እንደጠገንሁ

በደብረ ብርሃን ከጓደኞቼ ጋር በሠርግና በበዓል የምጫወትበት፣ በቫልቭ (በቀድሞ ራዲዮዎች ውስጥ እንደነበረው ባለ የመስታወት ቱቦ) የሚሠራና ሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከሮች የተገጠሙለት አንድ የቆየ የጊታር አምፕሊፋየር አለኝ። የሰጡኝ አዛውንት ሙዚቀኛ «ልጄ፣ ብቻ ድምፁን አትለውጥብኝ» ስላሉኝ፣ ማንኛውንም ክፍሉን ከመቀየር በፊት ያለውን ማዳን እንደ አደራ ቆጥሬዋለሁ። ባለፈው ጥቅምት ወፍራሙን ክር ሳይጨበጥ በመታሁት ቁጥር የላላ የጣሳ ክዳን የመሰለ ንዝረት ከድምፁ ጋር ይወጣ ጀመር፤ ወደ ቀጫጭኖቹ ክሮች ስሻገር ግን ፈጽሞ አይሰማም ነበር።

ያማከርሁት ጠጋኝ ስፒከሩ ተበላሽቷልና ይለወጥ አለኝ። እኔ ግን አዲስ ከመግዛቴ በፊት አንድ ሙከራ አደረግሁ። የወፍራሙ ክር ድምፅ ወደ 82 ኸርዝ ስለሆነ፣ ስልኬ ላይ ባለ ድምፅ ማመንጫ ከ70 እስከ 120 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ቀስ እያልሁ ወደ አምፕሊፋየሩ ላክሁና በእያንዳንዱ ስፒከር የብረት ክፈፍ ላይ እጄን ጫንሁ። የግራውን ክፈፍ ስጫን ንዝረቱ ቆመ። እየተንቀጠቀጠ ድምፅ የሚያወጣው የስፒከሩ ወረቀት ተቀድዶ ወይም መጠምጠሚያው፣ ማለትም ወረቀቱን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል፣ ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ ክፈፉን በመጫን ብቻ ባልቆመ ነበር፤ ስለዚህ ችግሩ ስፒከሩ ሳይሆን የተያዘበት ቦታ መሆኑ ገባኝ።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁት ስህተት ነበር። ቁልፍ አንሥቼ ዳዶዎቹን ባለኝ ኃይል ሁሉ አጠበቅሁ። እንዲህ ባለው ሳጥን ውስጥ ስፒከሩን የሚይዙት ጥርስ ያለው ራስ ያላቸው ብሎኖች ናቸው፤ ከፊት በኩል በመዶሻ ተመትተው ወደ ቺፕውዱ ሰሌዳ ይገባሉ፣ በላያቸው ጨርቅ ይወጠራል፣ ዳዶው ከኋላ ይታሰራል። ቺፕውድ በሙጫ የተጋገረ የእንጨት ፍርፋሪ እንደ መሆኑ፣ ጥርሱ አንዴ ከፈታው ብሎኑ ከዳዶው ጋር አብሮ ይዞራል። ሁለቱ የላይኞቹ እንዲሁ ሲዞሩ የታችኞቹ ደግሞ ክፈፉን ወደ አንድ ወገን ስበው አጣመሙት፤ መጠምጠሚያው የሚንቀሳቀስበት የማግኔት ክፍተት ከሚሊሜትር ያነሰ ስለሆነ ወረቀቱ ያንኑ ጊዜ መፋተግ ጀመረ። ወዲያው መልሼ ባላላው ኖሮ ደህናውን ስፒከር በእጄ አበላሸው ነበር።

የላይኞቹ ቀድመው የላሉበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የከባዱ ማግኔት ክብደት ወደ ኋላና ወደ ታች የሚጎትተው እነርሱን ነው። አምፕሊፋየሩ በአይሱዙ ላይ ተጭኖ ውርጭ ካደረበት ደብረ ብርሃን ተነሥቶ፣ ጣርማበርንና ደብረ ሲናን አልፎ፣ ከ1,400 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ሲገባ ስንት ጊዜ እንደተንገጫገጨ ሳስብ፣ ሰሌዳው እስከ ዛሬ መቆየቱ ያስደንቀኛል።

መጀመሪያ የተለመደውን መላ ሞከርሁ፤ ቀዳዳውን በክብሪት እንጨትና በኮላ ሞላሁት። አንድ ሠርግ ብቻ አገለገለኝ። ከዚያ በኋላ ለአንድ የሰፈራችን አናጺ ባሳየው፣ በጥፍሩ የቀዳዳውን ዙሪያ ፋቅ አድርጎ «ወንድሜ፣ ይኼ እኮ ዱቄት ሆኗል፤ ዱቄት ብሎን ይይዛል?» አለኝ። ወይራ ይጠነክራል ብዬ ብጠይቀው፣ ወይራ ኮላ በደንብ ስለማይቀበል የደረቀ ዋንዛ ይሻላል ብሎ ከአሮጌ ወንበር እግር ቆርጦ ሰጠኝ።

ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት አምፕሊፋየሩን ከሶኬት ነቀልሁ፤ ይህ ግን ብቻውን አይበቃም። በቫልቭ በሚሠራ አምፕሊፋየር ውስጥ ያሉት፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ከተነቀለም በኋላ ከ400 ቮልት በላይ ሊይዙ ስለሚችሉ፣ የኤሌክትሪኩን ክፍል ሙያ ላለው ሰው ትቼ አስለቀቅሁት። ስፒከሩ ሳይገናኝ አምፕሊፋየሩን ማብራት ድምፁን ወደ ስፒከሩ የሚያሳልፈውን የውጤት ትራንስፎርመር ሊያቃጥል ስለሚችልም፣ ሥራው እስኪያልቅ ገመዱን ከክፍሉ አርቄ አስቀመጥሁት።

ሽቦዎቹን ምልክት አድርጌ ፈታሁ፤ ስፒከሮቹን አውጥቼ በጨርቅ ላይ በግንባራቸው አስተኛኋቸው፤ ቀጥሎም ሰሌዳውን ከሳጥኑ አላቀቅሁ። ጨርቁን የያዙትን የስቴፕለር ሽቦዎች አንድ በአንድ በቀጭን ካቻቪቴ መንቀል ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ ያረጀ ጨርቅ ከተጎተተ ይተረተራልና በዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። ከዚያ የተበላሹትን ቀዳዳዎች ቺፕውዱ ጠንካራ እስከሚሆንበት ድረስ ወደ 20 ሚሊሜትር አሰፋሁ፣ ዋንዛውን በቀዳዳዎቹ ልክ ክብ አድርጌ በኮላ አጣበቅሁ፣ በሞርሳ አስሬ ሌሊቱን ሁሉ ተውሁት። በደብረ ብርሃን ብርድ ኮላ ቶሎ ስለማይደርቅ አንድ ቀን ጨምሬ ጠበቅሁ። የተጣበቁትን የዋንዛ ክቦች በብርጭቆ ወረቀት ከሰሌዳው ጋር ካስተካከልሁ በኋላ ቦታቸውን ከክፈፉ ወስጄ በትራፓኖ በሳሁና፣ ጥርስ ባላቸው ፋንታ ራሳቸው ስር ሰፊ ሮንዴላ ያለባቸውን ብሎኖች ከፊት በኩል አሳለፍሁ። ሸክሙ በጥርስ ሳይሆን በሮንዴላው ስፋት ላይ ያርፋል።

በክፈፉና በሰሌዳው መካከል የነበረው ወረቀት ስለተበጣጠሰ፣ መጀመሪያ ከመንዝ ባና የተቆረጠ ንጣፍ አስቀመጥሁ። ሱፉ በጣም ለስላሳ ስለሆነ አንዱ ወገን ሲጠብቅ ሌላው እየሰመጠ ክፈፉን አጋደለው፤ አውጥቼ በብስክሌት ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ተካሁት። ዳዶዎቹን በዚህ ጊዜ በጣቴ ብቻ ከያዝሁ በኋላ አንዱን ከዚያ ተቃራኒውን እያልሁ ሩብ ሩብ ዙር አጠበቅሁ፤ በየዙሩም ወረቀቱን በሁለት እጄ እኩል ገፋ አድርጌ ፍትጊያ መኖሩን አዳመጥሁ። ላስቲኩ ትንሽ ሲጨመቅ አቆምሁ።

ሽቦዎቹን ስመልስ 1.5 ቮልት በሆነ የባትሪ ድንጋይ ሁለቱንም ስፒከሮች ለቅጽበት ነካሁ፤ ሁለቱም ወረቀቶች ወደ ፊት ወጡ። አንዱ ወደ ኋላ ቢሄድ ኖሮ ሁለቱ እርስ በርስ ስለሚሻሩ ወፍራሙ ድምፅ ይቀጥን ነበር።

ያንኑ ከ70 እስከ 120 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ዳግም ስልከው ንዝረቱ አልነበረም። በእያንዳንዱ ዳዶና ብሎን ላይ የቀለም መስመር አሰመርሁ፤ ከአንድ ወር በኋላና ከሁለት የሸዋ ሮቢት ጉዞዎች ማግስት ስከፍተው የላይኞቹ ሁለት መስመሮች በጥቂቱ ተዛንፈው ስላገኘኋቸው፣ ሩብ ዙር ጨምሬ መስመሩን እንደገና ቀባሁት።