ስድስት ወይስ ሰባት? ከሄሞግሎቢን ጋር ያሳለፍኳቸው አምስት ወራት

በሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት በቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን፣ ሄሞግሎቢን፣ ለእኔ ቁጥር ነበር። ናሙናው ወደ ማሽኑ ይገባል፣ ወረቀቱ ይወጣል፣ 13.4 ወይም 8.1 የሚል ይነበባል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ናሙና ይታለፋል። ባለፈው መስከረም ግን ለተግባር ልምምድ የመጣች ተማሪ ቀይ የደም ሴሎችን ማጭድ ስለሚያስመስለው የዘር በሽታ «ሲክል ሴል ያለበት ሰው ሄሞግሎቢኑ ተበላሽቷል ሲባል በትክክል የተበላሸው ምኑ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም ሳላመነታ «ቅርጹ ነዋ» አልኳት። ያ መልስ ስሕተት መሆኑን ለመረዳት ከሥራ ሰዓት ውጭ አምስት ወር ፈጅቶብኛል። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ፕሮቲንን በቁጥርና በቀለም ለውጥ ብቻ ለምታውቁት ባልደረቦቼ ነው።

የጀመርኩት የሞለኪውሉን ምስል በኮምፒውተር አዙሮ ከማየት ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የፕሮቲን ዳታ ባንክ ሳይንቲስቶች የደረሱባቸውን የፕሮቲን ቅርጾች ለማንም በነፃ ይሰጣል፤ ፋይሉን አውርዶ ካይሜራ-ኤክስ በተባለው ፕሮግራም መክፈት ነው። ማክስ ፔሩትዝ በካምብሪጅ የሄሞግሎቢንን ጥናት የጀመሩት በ1937 ሲሆን፣ የፈረስ ሄሞግሎቢን ምን እንደሚመስል ያሳየው ጽሑፋቸው የታተመው በ1960 ነው። እኔ የሰውን ሄሞግሎቢን በደካማ የስልክ ኢንተርኔት ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አወረድኩት፤ ነገሩ ትንሽ አሳፍሮኛል። እያንዳንዳቸው 141 አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባበት አሃድ) ያላቸው ሁለት አልፋ ሰንሰለቶችና እያንዳንዳቸው 146 ያላቸው ሁለት ቤታ ሰንሰለቶች ተቃቅፈው ተቀምጠዋል፤ በድምሩ 574 ናቸው። በእያንዳንዱ ሰንሰለት ውስጥ ብረት የያዘችው ሄም ትታያለች።

ጥቅምትን ያባከንኩት በአንዲት ቁጥር ምክንያት ነው። በሲክል ሴል የሚለወጠው አሚኖ አሲድ በቤታ ሰንሰለት ላይ ስድስተኛው እንደሆነ በትምህርት ቤት ተምሬአለሁ፤ በቅርብ ያነበብኳቸው የጄኔቲክስ ጽሑፎች ግን ሰባተኛው ይላሉ። አዲሱ ይሻላል ብዬ በጤናማው ሄሞግሎቢን ላይ ሰባተኛውን ስነካው፣ እንደጠበቅኩት ግሉታሚክ አሲድ ሆኖ አገኘሁት። ደስ ብሎኝ 2ኤችቢኤስ በሚል መለያ የተቀመጠውን የሲክል ሄሞግሎቢን ፋይል ከፈትኩና ያንኑ ቦታ ነካሁ፤ ቫሊን ሊሆን ሲገባው አሁንም ግሉታሚክ አሲድ ነው። ፋይሉን ሦስት ጊዜ መልሼ አወረድኩ፤ ሰንሰለቱን ተሳስቼ ይሆናል ብዬ በዚህ ፋይል ውስጥ ያሉትን ስምንቱንም አንድ በአንድ ፈተሽኩ። ለካስ የቤታ ሰንሰለት መጀመሪያ ቫሊን፣ ሂስቲዲን፣ ሉሲን፣ ትሪዮኒን፣ ፕሮሊን፣ ግሉታሚክ አሲድ፣ ግሉታሚክ አሲድ፣ ላይሲን እያለ የሚሄድ ነው። ስድስተኛውና ሰባተኛው አንድ ዓይነት ስለሆኑ የቆጠራ ስሕተት በጤናማው ሞለኪውል ላይ አይጋለጥም። የጄኔቲክስ ሰዎች በዘረመሉ ላይ ተጽፎ ፕሮቲኑ ከተሠራ በኋላ የሚቆረጠውን የመጀመሪያውን ሜቲዮኒን ስለሚቆጥሩ አንድ ይጨምራሉ፤ የፋይሉ ቁጥር ግን በደም ውስጥ ካለው ፕሮቲን ይጀምራል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የትኛውን እየተጠቀሙ እንደሆነ ሳያውቁ መጀመር ነው ጥፋቱ።

ቦታውን ካገኘሁ በኋላ ያደረግሁት የመጀመሪያ ነገር የጤናማውንና የሲክሉን ቤታ ሰንሰለት አንዱን በሌላው ላይ መደረብ ነበር። የተማሪዋን ጥያቄ በመለስኩበት እርግጠኝነት አንድ የተጣመመ ወይም የፈረሰ ክፍል ጠበቅሁ፤ የታየኝ ግን ሁለት መንትያ ነው። አጣጣፋቸው አንድ ነው፣ ሄሟም በቦታዋ ናት። ልዩነቱ ያለው በሞለኪውሉ ውጫዊ ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ በዚያ ቦታ ኔጌቲቭ ቻርጅ ይዞ ከውኃ ጋር የሚስማማው ግሉታሚክ አሲድ ሄዶ ውኃን የሚሸሽ ትንሽ ቫሊን ተተክቷል። ከዘረመሉ አንጻር ጂኤጂ የነበረው ባለ ሦስት ፊደል ኮድ ጂቲጂ ሆነ፣ የአንዲት ፊደል ለውጥ ማለት ነው። ስለ ፕሮቲን በሽታ ሲነሳ ሁሉንም «በትክክል ያልታጠፈ ፕሮቲን» በሚል ስም መጠቅለል በእኛ ዘንድ የተለመደ ይመስለኛል፤ ለአንዳንዶቹ በሽታዎች እውነት ነው፣ ለዚህኛው ግን አይሠራም።

ይህን ካየሁ በኋላ በሥራ ቦታ ስሠራው የኖርኩት ኤሌክትሮፎረሲስ፣ ፕሮቲኖችን በኤሌክትሪክ እያስኬዱ የሚለዩበት ምርመራ፣ ትርጉም አገኘ። በአልካላይን ባፈር ውስጥ ጤናማው ሄሞግሎቢን ኤ ወደ ፖዘቲቩ ጫፍ ሲገሰግስ የሲክሉ ሄሞግሎቢን ኤስ ወደኋላ የሚቀረው፣ በሁለቱ ቤታ ሰንሰለቶቹ ላይ አንድ አንድ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላጣ ነው። በ1949 ላይነስ ፖሊንግና ባልደረቦቻቸው የሁለቱን ሄሞግሎቢኖች ልዩነት ያሳዩት በዚሁ በኤሌክትሪክ ጉዞ ነበር። የት ቦታ እንደሆነ ግን አላወቁም። ቨርነን ኢንግራም በካምብሪጅ ፕሮቲኑን ትሪፕሲን በተባለ ኢንዛይም ቆራርጠው ቁርጥራጮቹን በወረቀት ላይ በሁለት አቅጣጫ ካስኬዱ በኋላ፣ ከነጠብጣቦቹ መካከል ቦታዋን የለወጠች አንዲት ብቻ አገኙ፤ በ1957 ደግሞ በዚያች ቁርጥራጭ ውስጥ ግሉታሚክ አሲድ በቫሊን መተካቱን አስታወቁ። ትሪፕሲን ከላይሲን በኋላ ስለሚቆርጥ፣ ያቺ ቁርጥራጭ እኔ በጥቅምት የተወዛገብኩባት ባለ ስምንት አሚኖ አሲድ መጀመሪያ ናት።

ታዲያ ቅርጹ ካልተበላሸ በሽታው ከየት መጣ? መልሱን ያገኘሁት ከአንድ ሞለኪውል ይልቅ ሁለቱን ጎን ለጎን በማየት ነው። 2ኤችቢኤስ ኦክስጅን ያልያዙ ሁለት ሙሉ የሲክል ሄሞግሎቢን ሞለኪውሎችን ይዟል፤ ስምንት ሰንሰለት ያለው በዚህ ምክንያት ነው። የአንዱን ስድስተኛ ቫሊን ቀይ አድርጌ አካባቢውን ሳጎላ፣ በጎረቤቱ ሞለኪውል ቤታ ሰንሰለት ላይ በ85ኛው ፊኒልአላኒንና በ88ኛው ሉሲን መካከል ባለች ጎድጓዳ ውስጥ ተሸጉጦ አየሁት። ጎድጓዳዋ በጤናማው ሄሞግሎቢንም ላይ አለች፤ የሚገባባት ጠፍቶ እንጂ። ከአንዱ ሞለኪውል ሁለት ቫሊኖች በዚህ መያያዣ ላይ የሚሰካው አንዱ ብቻ መሆኑም አስገርሞኛል። እንዲህ እየተሰካኩ የሚሄዱት ሞለኪውሎች መጨረሻ ላይ 14 ዘርፍ ያለው ክር ይሠራሉ፤ ቀዩን ሴል ወጥሮ ማጭድ የሚያስመስለው ይህ ክር ነው። ኦክስጅን ሲገባ አራቱ ሰንሰለቶች እርስ በርስ ያላቸው አቀማመጥ ስለሚለወጥ ሞለኪውሉ ከክሩ ጋር አይገጥምም፤ ክሩም ይፈታል።

ከሁሉ ይበልጥ ያስተማረኝ ግን ዘወትር በወረቀቱ ላይ እያየሁ የማልፈው ኤምሲኤችሲ ነው። ይህ በቀይ ሴል ውስጥ ያለው የሄሞግሎቢን ክምችት ሲሆን በዴሲሊትር ከ32 እስከ 36 ግራም ነው፤ ከዕቃው አንድ ሦስተኛው ፕሮቲን ሆነ ማለት ነው። እንደ ታክሲ ተሳፋሪ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የቆሙ ሞለኪውሎች ናቸውና አንዲት የምታጣብቅ ነጥብ ብዙ ታደርጋለች። ዊሊያም ኢተንና ጄምስ ሆፍሪክተር ከሴል ውጭ በተጣራ ሄሞግሎቢን ኤስ ላይ ባደረጉት ልኬት፣ ክሩ መታየት ከመጀመሩ በፊት ያለው የመዘግየት ጊዜ ክምችቱን ራሱን በራሱ 30 ጊዜ ያህል ሲያባዙ ከሚገኘው ጋር በተገላቢጦሽ እንደሚሄድ አሳዩ። በካልኩሌተር ሠራሁት፤ ክምችቱ በ10 በመቶ ሲጨምር ጊዜው ወደ 17 እጥፍ ያህል ያጥራል። ሴሉ ኦክስጅኑን ሰጥቶ በቀጭኖቹ የደም ሥሮች አልፎ ወደ ሳምባ ለመመለስ ከዚያ መዘግየት ጋር ይሽቀዳደማል። ሲክል ሴል ያለበት ሰው ውኃ እንዲጠጣና ሰውነቱ እንዳይደርቅ የሚነገረው ምክር፣ ሴሉ ውኃ ሲያጣ ክምችቱ እንደሚጨምር እስካስተዋልኩበት እስከዚያ ቀን ድረስ ለእኔ ለማንም የሚባል ተራ ምክር ነበር።

ተማሪዋ ልምምዷን ጨርሳ ብትሄድም ስልኳ ስለነበረኝ በጥር ደወልኩላትና መልሴን አስተካከልኩ፤ ሞለኪውሉ ራሱ በወጉ ታጥፏል፣ የተበላሸው ከጎረቤቱ ጋር ያለው ነገር ነው አልኳት። እሷም ወዲያው «ታዲያ ሕፃናት ሲወለዱ ለምን አይታመሙም?» አለችኝ። አሁን የያዝኩት ሥራ ይኸው ነው። ሕፃናት ይዘውት በሚወለዱት የፅንስ ሄሞግሎቢን ውስጥ ቤታን የሚተካው ጋማ ሰንሰለት ነው፤ ሃይድሮክሲዩሪያ የተባለው መድኃኒትም ሆነ በ2023 በብሪታንያና በአሜሪካ የተፈቀደው የዘረመል አርትዖት ሕክምና የሚደገፉት የዚህን ሄሞግሎቢን መጠን ከፍ በማድረግ ላይ ነው። ሁለቱን ሰንሰለቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ ስመለከት፣ ያቺ ጎድጓዳ ባለችበት አካባቢ 87ኛው በቤታ ትሪዮኒን፣ በጋማ ደግሞ ከእሱ ገዘፍ ያለ ግሉታሚን ነው። በሚቀጥሉት ሳምንታት ግሉታሚኑን በ2ኤችቢኤስ ላይ በትሪዮኒኑ ቦታ ተክዬ ከጎረቤቱ ጋር ምን ያህል እንደሚጋፋ እለካለሁ፤ በዚህ ጊዜ ከስንት እንደምቆጥር አስቀድሜ በማስታወሻዬ ላይ ጽፌአለሁ።